የወሰኑ ወንደሰን በትንሿ ቀይ መኪና ከበሮ ይዘው ወደ እንጦጦ እንደ ወጡ

ያ ክረምት ክፉ ነበረ። ከሰኔ ጀምሮ ፀሐይ በወጉ አልወጣችም። የወሰን ሰፈር መንገድ ለቧንቧ ተቆፍሮ ሳይደፈን ዝናብ ደረሰበት፤ ጉድጓዱም ኩሬ ሆነ። ቤንዚን ጠፋ። ሰልፉ ከማደያው ተነሥቶ ወደ ላምበረት አቅጣጫ ዞረ። መብራት መጣ፣ ሄደ። ሁለት አጥር ፈረሰ፤ ሰው አልሞተም። የወንደሰን አሮጌ መኪና በሐምሌ መካከል ሞተሯ ሞቶ በግቢ ቆመች፤ የጎረቤት ዶሮም ገብታ ዕንቁላል ጣለችባት።

በዚህ ዓመት፣ እርሱም ዘመነ ማቴዎስ ሊፈጸም ዘመነ ማርቆስ ሊተካ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ የቤንዚን መኪና ከባሕር ማዶ እንዳይገባ በታዘዘ በሁለተኛው ዓመት፣ የወሰን መንገድ በተቆፈረ በመጀመሪያው፣ የሕንፃ ዕቃ ሻጭ፣ የቧንቧና የምስማር ጌታ፣ የሰገነት ባል፣ የሃይሚ አባት የሆኑት ወንደሰን አንዲት መኪና ለዕለት ኑሮ ትሆን አትሆን እንደሆነ ለመፈተን ተነሡ። የቀድሞ መኳንንት በፈረሳቸው ስም እንደሚጠሩ፣ እርሳቸውንም የወሰን ጋራዥ ሰዎች በመኪናቸው አባ ግስግስ ብለው ጠሯቸው። የዘመቻቸው ዜና ይህ ነው።

ከመኪናዋ በፊት ግን የዕዳው ነገር ይነገራል። ሃይሚ ጡት ሳትጥል ሳንባዋን ታማ ትንፋሿ ባጠረ ጊዜ፣ የሰገነት እናት እማማ የማርያምወርቅ ፊታቸውን ወደ እንጦጦ መልሰው፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ተሳሉ። የስለታቸውም ቃል፣ «ራጉኤል ሆይ፣ ይህችን ልጅ ማርልኝ እንጂ በበዓልህ ቀን ትልቅ ከበሮ አስገባልሃለሁ። በሰው መኪና አይደለም፤ በገዛ መኪናችን፣ አባቷ እየነዳ፣ እሷን አጠገቤ አስቀምጬ እመጣለሁ» የሚል ነበረ። ልጅቱ ዳነች። ከበሮውም ተሠራ፤ የበሬ ቆዳ ለበሰ፣ ቀይ ጨርቅ ተጠመጠመለት፣ ማንገቻ ጠፍር ወጣለት፣ በሳሎኑ ጥግ ተቀመጠ። እዚያው ቀረ።

ሰው በቸኮለ አፍ ይሳላል፣ በዘገየ እግር ያደርሳል። በመጀመሪያው ዓመት አሮጌይቱ መኪና ከዳገቱ ሥር ውሃ አፈላች። በተከታዩ ዓመት ወረርሽኝ መጣ፤ ሰው ከቤቱ አልወጣም። ከዚያ ፍሬኗ እምቢ አለ። ከዚያ የእማማ ጉልበት እምቢ አለ። አንድ ዓመት እማማ ተስፋ ቆርጠው፣ ስለቱን በሚኒባስ አድርሰው መልአኩን ይቅርታ ሊጠይቁ ከበሮውን አስይዘው ወደ መንገድ ወጡ፤ የሚኒባሱ ረዳት ግን በመስኮት ብቅ ብሎ፣ «እማማ፣ ትርፍ ሰው እንጭናለን፤ ትርፍ ከበሮ ግን አንጭንም!» ሲል በአደባባይ አወጀ። ተመለሱ። ከበሮውም እየቆየ የቤት ዕቃ መሰለ። አንድ እንግዳ በርጩማ መስሎት ቢቀመጥበት እማማ፣ «ተነሥ! የመልአክ ዕዳ ላይ ነው የተቀመጥከው!» ብለው ጮኹ፤ ሰውየውም ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ። እማማ ሰማንያን አልፈዋል። ሞትን አይፈሩም፤ ዕዳ ይዞ መሞትን ግን ይፈሩ ነበር። ወንደሰን ይህን ያውቃሉ። በሳሎኑ ባለፉ ቁጥር ከበሮውን ላለማየት ወደ መስኮቱ ይመለከቱ ነበር።

ወእምዝ፣ በጳጉሜን መግቢያ፣ በመገናኛ አካባቢ መኪና የሚሸጠው ነጅመዲን ወደ ወንደሰን ላከ። መልእክቱም እንዲህ የሚል ነበር፦ «ወንዴ፣ አንዲት መኪና ግቢዬ ቆማ የሚወስዳት አጣሁ። ቁመቷ አጭር፣ በሯ ሁለት፣ መጠጧ ቤንዚን። ወላሂ ልብ ያለው ሰው አንድ ቀን ቢነዳት ግን እንቅልፍ አይወስደውም። እስከ መስከረም ሁለት ይዘሃት ሰንብት፤ ካልሆነችህ ቁልፉን መልስልኝ። አደራህን፣ ጣራዋ ስስ ነው፤ ላዩ ላይ ምንም እንዳትጭን።»

መኪናዋ እንዲህ ነበረች። ቀይ ናት። ጀርባዋ በቢላ እንደ ተቆረጠ ዳቦ ድንገት ያልቃል። ደረቷ ወደ መሬት የተደፋ፣ ጎማዋ ሰፊ፣ የጭስ ማውጫዋ ሁለት ነው። አራቱም ጎማዎቿ በአንድነት ይስባሉ። በኮፈኗ ሥር ከሁለት መቶ ስልሳ የማያንሱ ፈረሶች ታስረውባታል፤ ሁሉም ቤንዚን ጠጪዎች ናቸው። ላያት ሰው ግን ቪትዝ ናት፤ ለአዲስ አበባ ሰው ጀርባዋ የተቆረጠ ትንሽ መኪና ሁሉ ቪትዝ ናትና።

ወንደሰን መጀመሪያ ባዩዋት ጊዜ አልተናገሩም። መሪውን ዳሰሱ፣ ማርሹን ነካ አደረጉ፣ በሯን ከፍተው ዘጉ፣ ደግመው ከፍተው ዘጉ። ሚስታቸው ሰገነትም ባላቸው ዝም ማለታቸውን አይተው ነገሩ መክፋቱን ዐወቁ፤ ወዲያውም ከደጃፉ ቆመው አዋጅ አወጡ፦ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ይህ ቤት መኪና ነው የጠየቀው፣ ሰርከስ አልጠየቀም። ከሾላ ገበያ ሽንኩርትና ቡታጋዝ የምታመጣ፣ ልጅ የምታመላልስ፣ እናቴን ከነከበሮዋ ራጉኤል የምታወጣ ከሆነች ትቀመጥ። አንዱ ከጎደለ በመስከረም ሁለት ቁልፏ ለነጅመዲን ይመለሳል፤ እኛም እንደ ከበበ የኤሌክትሪክ መኪና ይዘን በሰላም እንኖራለን። ወንዴ፣ እያየሁህ ነው!»

ከበበ የተባለው ጎረቤታቸው ነው። መኪናው ድምፅ የላትም፤ እርሱ ግን አለው። በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ፣ «ወንዴ፣ ፈረሶችህን ማን ሊያጠጣልህ ነው? የኔዋ ከግድግዳ ትጠባለች!» ሲል ለመንደሩ ሁሉ አሰማ። መንደሩም ሳቀ።

የመጀመሪያው ፈተና የሰፈሩ ጉድጓድ ነበረ። ወንደሰን ከግቢ በወጡ ጊዜ የሞተሩ ጉርምርምታ ውሾቹን ሁሉ አስነሣ፤ ጋራዦቹም ሥራ ፈትተው በመንገዱ ግራና ቀኝ ቆሙ። በመጀመሪያው ጉብታ የመኪናዋ ሆድ ከድንጋዩ ጋር ተፋተገ። «ሆዷን! ኧረ ሆዷን!» የሚል ዋይታ ከጋራዦቹ ተነሣ፤ ሰው የራሱ ሆድ የተቧጨረ ይመስል ነበር። ወንደሰን ከዚያ ወዲያ ብልሃት ተማሩ። ጉብታ ባዩ ቁጥር ወደ ጎን ይዞራሉ፤ አንዱን ጎማ አስቀድመው ሌላውን አዘግይተው፣ ሙሽራ ደረጃ እንደምትወጣ ቀስ አድርገው ያስረግጧታል። ከኋላ ያለው ታክሲ ጥሩንባውን ነፋ፤ ሰደበ፤ እርሳቸው አልቸኮሉም። የአባ ግስግስነት ስማቸው በዚያ ቀን ተጎዳ።

ሁለተኛው ፈተና ሾላ ገበያ ነበረ። ሃይሚን ትምህርት ቤት አስመዝግበው፣ እርሷንና ሰገነትን ይዘው፣ ግማሽ ጆንያ ሽንኩርትና አንድ ቡታጋዝ ከኋላ ጫኑ። ገባ። ሰገነት በልባቸው ተገረሙ። በመመለሻው መንገድ ግን ከመገናኛ ወዲህ አስፋልቱ ለአፍታ ባዶ ሆነ፤ ወንደሰንም ሰው ናቸውና እግራቸው ከበዳቸው። ፈረሶቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ነቁ። መኪናዋ ተወረወረች፤ የጆንያው አፍ ተፈታ፤ ሽንኩርቱ በመኪናዋ ውስጥ እንደ በረዶ ዘነበ፤ ከኋላ የነበረችው ሃይሚም፣ «አባዬ እንደገና!» ብላ ጮኸች። ሰገነት ከቀሚሳቸው ላይ ሽንኩርት እያነሡ፣ «ይህም ተመዝግቧል» ብቻ አሉ። ወንደሰን እስከ ቤት ድረስ በሃያ ነዱ።

ሦስተኛው ፈተና ቤንዚን ነበረ፤ እርሱ በአዋጁ ባይኖርም ከሁሉ የከበደ ሆነ። በማደያው ሰልፍ የታክሲ ነጂዎች፣ የሞተር ብስክሌት ሠራዊት፣ ፕላስቲክ በርሜል የታቀፉ ወይዛዝርት፣ ቁርስ የሚሸጡ፣ ወረፋ የሚሸጡ፣ ወረፋ የተሸጠባቸው ሁሉ ተሰልፈው ነበር። ነዳጅ እንዳያልቅባቸው ወንደሰን ሞተሩን አጥፍተው፣ ወርደው፣ በበሩ በኩል ትከሻቸውን ሰጥተው መኪናዋን በእጃቸው እየገፉ ወደ ፊት ተጓዙ። ከሁለት መቶ ስልሳ በላይ ፈረስ በአንድ ሰው ትከሻ ሲገፋ የታየው በዚያ ሰልፍ ነው። አንድ የታክሲ ነጂም፣ «ጋሼ፣ ይቺ ቪትዝ ሞተር አላት ወይስ ጌጥ ናት?» ሲል በሰልፉ ሁሉ ፊት ጠየቀ። ወንደሰን መግፋታቸውን ቀጠሉ። ቀዱ፤ ተመለሱ።

የዓመቱም የመጨረሻ ቀን ደረሰ፤ የከበሮው መለኪያ ሆነ። ወንደሰን ከበሮውን አቅፈው ወደ መኪናዋ አመጡ። በጀርባዋ ባለው የሻንጣ በር ሞከሩ፤ አልገባም። የኋላውን ወንበር አጠፉ፤ ገባ፤ ነገር ግን ለእማማና ለሃይሚ መቀመጫ ጠፋ፤ ስለቱ ደግሞ ሦስቱን አንድ ላይ ይጠይቃል። ጣራው በነጅመዲን ቃል ተከልክሏል፤ ባይከለከልም ዝናብ የነካው ቆዳ ድምፅ የለውም። ከበበ በአጥሩ ላይ፣ «ከበሮውን ቆርጣችሁ በሁለት ዙር አመላልሱት!» እያለ ምክር አወረደ። በመጨረሻ ከበሮው በፊተኛው በር ገባ። የጎን መቀመጫውን ወደ ኋላ አስተኝተው አጋደሙት፤ ሰፊው ፊቱ ወደ ኋላ ወንበር ዞረ። ሞተሩ ሲነሣ ግን መኪናዋ ደወለች፤ የጎን ተሳፋሪው ቀበቶ አላሰረም ስትል አወጀች፤ ከበሮው ሰው መስሏት ነበር። ወንደሰንም ከበሮውን በቀበቶ አሰሩት፤ ደወሉም ዝም አለ። ሰገነት መቀመጫቸው መወሰዱን አይተው፣ «ከሠርጌ ጀምሮ የተቀመጥኩበትን የጎን ወንበር ዛሬ ለቆዳ ለቀቅሁ። ራጉኤል ይመዝግብልኝ» ብለው ወደ ቤት ገቡ።

በመስከረም አንድ፣ በራጉኤል በዓል፣ ዘመነ ማርቆስ በገባበት ሐሙስ፣ ማለዳ ተነሡ። ዘንቦ አባርቷል፤ ሰማዩ ታጥቧል። ሊሸኙ የመጡትም እነዚህ ናቸው፦ የጋራዥ ሰዎች ከነቁልፋቸው፤ አደይ አበባ የያዙ ልጃገረዶች፤ ለአውደ ዓመት የገዛውን በግ በገመድ የያዘ አንድ ጎረቤት፤ በጉም ራሱ፤ በአጥሩ ላይ ከበበ። መኪናዋ በሯ ሁለት ብቻ ስለሆነ እማማ የማርያምወርቅ ቀድመው ወደ ኋላ መግባት ነበረባቸው። ሁለት ሰዎች ጉልበታቸውን እያጠፉላቸው፣ አንዱ ራሳቸውን እየጠበቀላቸው፣ ነጠላቸውን እየሰበሰቡላቸው አስገቧቸው። ሃይሚ ተከተለች። ቀጥሎ ከበሮው ገብቶ በፊታቸው ተጋደመና በሩ ተዘጋ። በነጂው በኩል ያለው መውጫ ለእማማ ጉልበት ጠባብ ነውና፣ እንግዲህ ከበሮው ሳይወርድ እማማ አይወርዱም። ይህን በዚያ ሰዓት ማንም ልብ አላለውም።

ወሰንን ለቀው፣ ላምበረትን አልፈው፣ መገናኛን ዞረው፣ በፈረንሳይ ሰፈር በኩል ወደ ተራራው ፊታቸውን አቀኑ። በአንድ ስፍራ መንገዱ ባዶ ሆነና ወንደሰን በመስተዋቱ ወደ ኋላ አዩ፤ የእማማም ዓይን በመስተዋቱ ውስጥ ሲጠብቃቸው አገኙት። «ወንዴ፣ ከተናወጠ ቆዳው ይላላል!» አሉ እማማ። ወንደሰንም እግራቸውን ከጋዙ መለሱ። ፈረሶቹ ሁሉ እንደ ደብተራ በቅሎ በሶምሶማ ሄዱ። ሃይሚም ቅር አላት።

በዳገቱ መጀመሪያ መኪና ሁሉ ቆሞ ነበር። ከዚያም ቱሉ የተባለ የትራፊክ ዘብ በመንገዱ መካከል ቆሞ እጁን ዘርግቶ ያዝዛል፦ «ላይኛው መጠምዘዣ ጭቃ ነው! ፎር ዊል ያልሆነ አያልፍም! አንተ ቪትዝ፣ ተመለስ! አዎ፣ አንተን ነው፣ ቀይዋ!» ወንደሰን ራሳቸውን በመስኮት አውጥተው፣ «ጌታዬ፣ አራቱም ይስባሉ!» ሲሉ አሰሙ። ቱሉም ሳቀ፤ በጎኑ ያሉት ሁሉ ሳቁ። «ሁሉም እንደሱ ነው የሚለኝ» አለ፤ «ቅድም አንዱ የኔዋ ትዋኛለች ብሎኝ እዚያ ላይ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሯል። መኪናውን መልስ፤ ሰዎቹ ወርደው በእግራቸው ይውጡ።»

ወንደሰን ዳገቱን አዩ። ነጭ የለበሰ ሕዝብ እየተደጋገፈ ይወጣል። የእማማን ጉልበት ዐሰቡ። ከዚህ ቢመለሱ ዕዳው ለሌላ ዓመት ይተላለፋል፤ እማማ ሌላ ዓመት እንዳላቸው ደግሞ የሚያውቅ የለም። የመኪናዋ ቁልፍ ለነጅመዲን ይመለስ አይመለስ የሚለውን በዚያች ሰዓት ረሱት።

በዚህ ጊዜ ከኋላ የእማማ የማርያምወርቅ አዋጅ ወጣ፦ «ስማ ልጄ! እኔ እንድወርድ መጀመሪያ ከበሮው መውረድ አለበት፤ በሩ እዚያ ነው ያለው። ከበሮው ደግሞ ከራጉኤል በፊት አይወርድም፤ ስለት ነው። ስለዚህ ወይ ታሳልፈናለህ፣ ወይ እዚሁ ካንተ ጋር ዓመቱን እናሳልፋለን!» ቱሉ ጎንበስ ብሎ አየ። ከበሮው ቀበቶ ታስሮ ተጋድሟል። ይህን የመሰለ ተሳፋሪ በሥራ ዘመኑ አላየም፤ የሚጠቅስበትም ደንብ አላገኘም። ገና ሲያስብ እማማ እጃቸውን በመቀመጫዎቹ መካከል ሰደው የከበሮውን ሰፊ ፊት መቱት።

የዚያች ትንሽ መኪና ውስጥ እንደ ዋሻ አስተጋባ። ድምፁ በመስኮቶቹ ወጥቶ ዳገቱን ያዘ። በእግር የሚወጣው ሕዝብ ዞረ፤ ሴቶች እልል አሉ፤ አንዲት ባልቴት፣ «የስለት ከበሮ ነው! አሳልፈው አንተ!» ስትል ጮኸች፤ ሌሎችም ተቀበሏት። እማማ ደግመው መቱ፤ ሃይሚም በጭብጨባ አገዘች። ቱሉ ባርኔጣውን አወለቀ፤ መንገዱንም ከፈተ። ቃሉንም አወጀ፦ «ከበሮው አልፏል! ቪትዟ ግን በራሷ ኃላፊነት ነች። ከተጣበቀች እኔ አላየኋችሁም!»

ከዚያ ከፍ ብሎ በባሕር ዛፎቹ መካከል መጠምዘዣው ነበረ። በዚያም አንድ ግዙፍ ነጭ መኪና፣ ጎማው የሰው ወገብ የሚደርስ፣ በመንገዱ አግድም ወድቆ ጭቃ ይፈጫል። ባለቤቱ ጋዝ ይረግጣል፤ ጎማው እየዞረ ይሰምጣል። ከጎኑ ከዳገቱ ሥር አንዲት ጠባብ መሄጃ ቀርታለች፤ እርሷም ጭቃ ናት። ወንደሰን ቆሙ። ልባቸው ርገጥ አላቸው፤ የሽንኩርቱን ቀን አስታወሱና አልረገጡም። ሁለተኛ ማርሽ አስገቡ፣ መሪውን አለዘቡ፣ ሰው ዕንቁላል ላይ እንደሚራመድ ጋዙን ነካ አደረጉ። መኪናዋ አንድ ጊዜ ወደ ጎን ተንሸራተተች፤ እማማ ስመ መልአክ ጠሩ። የፊት ጎማ ሲለቅ የኋላው ያዘ፤ የኋላው ሲለቅ የፊቱ ያዘ። ከሥር ድንጋይ ሆዷን ፋቃት፤ ወንደሰን ጥርሳቸውን ነከሱ፤ አልቆሙም። ከበሮው በቀበቶው ውስጥ ማንም ሳይመታው አጉረመረመ። ከዚያም ጎማዎቹ ጠጠር ነኩ፤ ወጡ። በግዙፉ መኪና ዙሪያ የቆሙት ሰዎች ጭቃ በጭቃ ሆነው፣ «ቪትዝ አለፈችን! ኧረ ቪትዝ አለፈችን!» እያሉ እጃቸውን በራሳቸው ላይ ጫኑ። ያች ከቆመችበት ተነሥታ መቶ ለመግባት ጥቂት ሰከንድ የሚበቃት መኪና፣ የታላቁን ቀኗን ድል ያገኘችው ከእግረኛ ባልፈጠነ ጉዞ ነው።

ራጉኤል ደረሱ። ታቦቱ ገና አልወጣም። በቅጥሩ በር ላይ ሰገነት ነጠላቸውን አመሳቅለው ቆመው ይጠብቋቸው ነበር፤ በሚኒባስ መጥተው፣ የቀረውን በእግራቸው ወጥተው ቀድመዋቸዋል። ወንደሰን ይህን አይተው ሞተሩን አጠፉ።

ከበሮው ወረደ። ከበሮው ስለወረደ እማማ ወረዱ። ሁለት ምእመናን ጉልበታቸውን እየዘረጉላቸው አቆሟቸው። ሰገነት እናታቸውን በገዛ እግራቸው ቆመው ባዩ ጊዜ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ሰደዱ፤ ቆይተውም ፍርዳቸውን በቅጥሩ በር አወጁ፦ «መኪናዋ ትቀመጥ! ለነጅመዲን ይነገረው። ከዛሬ ጀምሮ ግን በዚህ ቤት የሚሳል ሰው ሁሉ ሻማ ይሳል፤ ሻማ!»

ስለዚህ ምስጋና ለአባ ግስግስ ወንደሰን ይገባል፤ ፈረሶቻቸውን አስረው ለነዱ፣ ጉብታን በትሕትና ለተሻገሩ፣ በቤንዚን ሰልፍ መኪናቸውን ለገፉ፣ መርገጥ ሲችሉ ላልረገጡ። ከወሰን እስከ ላምበረት እንደርሳቸው ያለ ነጂ አልተነሣም። ፈጣን መኪና ያላቸው ብዙዎች ናቸው፤ በዝግታ ነድተው የደረሱ ግን ጥቂቶች ናቸው። መኪናዋም ለዕለት ኑሮ ትሆናለች፤ ጉድጓድ ለሚያይ ሰው፣ ሽንኩርቱን አጥብቆ ለሚያስር ሰው።

ወንደሰን ከበሮውን በጠፍሩ ከአንገታቸው አንግተው፣ ሃይሚ በቀኝ እማማን ይዛ፣ ሰገነት በግራ፣ ወደ ውስጥ ገቡ። መሪጌታ በርናባስ ተቀበሏቸው፤ ከበሮውንም አንሥተው ቆዳውን በመዳፋቸው ፈተሹት፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ለመዘምራኑ ሰጡት። ታቦቱም በወጣ ጊዜ ከበሮው ከፊት ሆኖ ተመታ። እማማ የማርያምወርቅ ከዛፉ ሥር በድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሰሙት። ልጅቱን ወደ ደረታቸው አስጠጉ፤ ፊታቸውንም ወደ መቅደሱ አቅንተው፣ «ያልኩህ ይኸው፤ የሰጠኸኝም ይችው። ከእንግዲህ አንተም አትጠይቀኝ፣ እኔም አልፈራም» አሉ፤ ዕዳውም በዚያ ቀን ተከፈለ።